የተፈረደልህ ሁሉ ያንተ ነው?

 

መጥሪያ ደርሶህ ያውቃል? በውርስ፣ በኪራይ፣ በፍቺ፣ በብድር... ወረቀቱ እጃችን እንደገባ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው «እንዴት ልርታ?» ብለን ነው። ከእሱ በፊት መምጣት ያለበት ግን «ሐቁ የማን ነው?» የሚለው ነው።

ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እሳቸው ሰው እንደሆኑ፣ ከተሟጋቾች አንዱ ከሌላው ይልቅ አንደበቱ ሊሰላ እንደሚችል፣ እሳቸውም በሰሙት እንደሚፈርዱ ተናገሩ። በዚህ መንገድ የወንድሙ ሐቅ የተፈረደለት ሰው የተቆረሰለት እሳት ነውና እንዳይወስደው አስጠነቀቁ።

እስቲ አስበው ወንድሜ፤ አንቺም እህቴ። ፈራጁ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሆነው እንኳ ፍርዱ የሰውን ሐቅ ሐላል አላደረገም። ታዲያ «ፍርድ ቤት ፈርዶልኛል» የሚለው ቃል አላህ ፊት ምን ይጠቅመናል? ዳኛው የሚያየው መዝገቡን ነው። ወረቀት ላይ ያልሰፈረውን አንተ ታውቀዋለህ።

«እና ጠበቃ አልያዝ? አልዘጋጅ?» ትል ይሆናል። ተዘጋጅ እንጂ! ሐቅህን በስንፍና መጣል ተቅዋ አይደለም። የመዝገብ ቁጥሩን፣ ችሎቱንና ሰዓቱን አረጋግጥ፤ ዋናውን ሰነድም ኮፒውንም ያዝ፤ የሆነውን በቅደም ተከተል ጻፈው። በፍትሐ ብሔር ክርክር ከሳሹ ከቀረ መዝገቡ ሊዘጋ፣ ተከሳሹ ከቀረ ጉዳዩ በሌለበት ሊታይ ይችላል። በፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም (በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት ናቸው) ለመዳኘት የተከራካሪዎች ፈቃድ ያስፈልጋል። ወደህ ቃዲ ፊት ከቀረብክ በኋላ ነገሩ ወደ ባላጋራህ ሲያደላ መሸሽ ከአንተ አይጠበቅም።

ችሎት ውስጥ ስልክህን አጥፋ፣ ተራህን ጠብቅ። ባላጋራህ ሲናገር አታጉረምርም፣ አትሳቅበት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዐሊይን (ረ.ዐ) ወደ የመን ሲልኳቸው የአንዱን ሰምተው የሌላውን ሳይሰሙ እንዳይፈርዱ መክረዋቸዋል። ለዳኛው ግዴታ የሆነው መስማት ለአንተ ቢያንስ አደብ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ምስክርነት ነው። «የአጎቴ ልጅ ነው፣ እንዴት እምቢ እላለሁ?» እየተባለ ያልታየው ታየ ይባላል። ምስክር ተሰብስቦ ሻይ ቤት የሚጠናበት ጊዜም አለ! ሱረቱ ኒሳእ 135ኛው አንቀጽ ግን በራስህም፣ በወላጆችህም፣ በዘመዶችህም ላይ ቢሆን በፍትሕ እንድትመሰክር ያዛል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከባባድ ወንጀሎችን ሲቆጥሩ ደገፍ ብለው ነበር፤ ሐሰተኛ ምስክርነት ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ተቀመጡና ሰሓቦች «ምነው ዝም ባሉ» እስኪሉ ደጋገሙት። የራስህን ምስክር «ያየኸውን ብቻ ተናገር» ብለህ ላከው። አንተም ስትጠየቅ የማታውቀውን «አላውቅም» በል፤ ዳኛ ፊት ነውር የለውም።

ያ የኡሙ ሰለማ ሐዲስ በአቡ ዳውድ ዘገባ ተጨማሪ ነገር አለው። ሁለቱ ሰዎች የመጡት ማስረጃ በሌለው ውርስ ተጣልተው ነበር። ማስጠንቀቂያውን ሲሰሙ ሁለቱም አለቀሱ፤ እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ለሌላው ለቀቁ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሐቁን ፈልገው እንዲካፈሉ፣ ዕጣ እንዲጣጣሉ፣ ከዚያም ይቅር እንዲባባሉ ነገሯቸው። ቀጠሮህ ሰኞ ከሆነ ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ለወንድምህ ደውልለት፤ መዝገቡ ገና አልተዘጋም።