ጀበናውን ማን ሠራው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ለጓደኛዬ ሠርግ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚኒባስ እየሄድኩ ነበር። ገና ከከተማው ወጣ እንዳልን የኋላ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ክሪኩን አወጣ፣ ስኮርታውን አወጣ፣ በጫማው ጫፍ መታ አደረገው። ስኮርታው ራሱ አየር የለውም! ሾፌሩ አንዴ ረዳቱን፣ አንዴ መንገዱን፣ አንዴ ደግሞ እኛን ተቆጥቶ (እኛ ምን አደረግን?) ጎማውን በባጃጅ ወደ ጎሚስታ ላከው። «አሥር ደቂቃ ነው» አለን። የሾፌር አሥር ደቂቃ ስንት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

የቆምነው ወለቃ ነበር። ወለቃ ቤተ እስራኤሎች ለረጅም ዘመን የኖሩባት መንደር ናት፤ ወንዶቹ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ እየሠሩ። አብዛኞቹ ዛሬ እዚያ የሉም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብቻ፣ ዘመቻ ሰሎሞን በተባለው የአየር ጉዞ፣ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወስዷል። የሸክላው ሙያ ግን መንደሯ ውስጥ ቀርቷል።

መንገድ ዳር አንዲት እናት ጀበና እየሠሩ አየሁና ተጠጋሁ። የሚሽከረከር ነገር የለም፣ ማሽን የለም። ጭቃውን በመዳፋቸው እንደ ገመድ ያድቦለቡሉታል፣ አንዱን በአንዱ ላይ ይደራርቡታል፣ በውሃ ባራሱት ጣት መገጣጠሚያውን ያጠፉታል። ክቡ በዓይን ልክ ብቻ ይመጣል። አጠገባቸው የተፈጨ ገል አለ። «ይሄ ምን ያደርጋል?» አልኳቸው። «የተሰበረ ሸክላ ነው ልጄ፤ ፈጭተን ከአፈሩ ጋር እናቦካዋለን። ያለሱ እሳት ላይ ይፈነዳል።» ከዚያ ቀናት ይደርቃል፣ በኩበት ይተኮሳል፤ ከሚተኮሰውም ሁሉም አይተርፍም። አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ አየሁ። እውነት ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ተመስጬ ያየሁት ሥራ ትንሽ ነው።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ዋጋ ተከራከርኩ። 200 ብር ሲሉኝ 150 አልኩ። ዝም ብለው አዩኝና «ይሁን» አሉ። ያተረፍኳትን 50 ብር ደባርቅ ገብቼ በአንድ ቢራ ጨረስኳት።

ግን ያሳፈረኝ ይሄ አይደለም። ሚኒባሱ ተነሥቶ ብዙም ሳንሄድ አንድ ጉድጓድ ላይ ዘለልን፤ ጀበናው ከጭኔ ወድቆ አንገቱ ቀነጠሰ። በዚያች ቅጽበት፣ ገና ሳላስብ፣ ከአፌ የወጣው «ድሮም የእነሱ ሥራ!» የሚል ነበር። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ራሱን በመስማማት ነቀነቀ።

«እነሱ» እነማን ናቸው? ሴትዮዋ የየት ዘር እንደሆኑ እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ቃሉ የእኔ አልነበረም፤ የአያቴ ነው። አያቴ ደግ ሴት ናት፤ ለማኝ ባዶ እጁን አትመልስም። ሸክላ ሠሪ በደጃችን ሲያልፍ ግን እኛን ልጆቹን ወደ ውስጥ ትሰበስበን ነበር፤ «ዓይናቸው ይበላል» ብላ። ቡዳ የሚለው ቃል ስንት ሰው ከጎረቤቱ እንደለየ፣ ስንቱን እንዳስገደለም አስቡት። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጁን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከከለከሉ እነሆ ከመቶ ዓመት አልፏል። አዋጁ እኔ ዘንድ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት ሰውዬ ዘንድ፣ ገና አልደረሰም ነበር ማለት ነው።

ለመሆኑ የእጅን ሥራ ወድዶ እጁን መናቅ ይቻላል? ይቻላል፣ ስንችለው ኖረናል። ቡናው በጀበና ነው፣ እንጀራው በምጣድ ነው፣ ወጡ በድስት ነው፤ የቤቱ መሃል ላይ የተቀመጠውን ዕቃ የሠራችው ሴት ግን ደጃፉን አትረግጥም። አሁን ደግሞ ሌላ መልክ ይዟል። የጀበና ፎቶ «ባህላችን» ብለን እንለጥፋለን። «ባህላችን» ስንል ሠሪዋ ትጠፋለች፤ የሁላችን የሆነ ነገር የማንም ሥራ አይመስልም። እንደኔ ይሄኛው ንቀት ከአያቴ ይብሳል። አያቴ ቢያንስ ሰዎቹ መኖራቸውን ታውቅ ነበር፣ ትፈራቸውም ነበር። እኛ ጭራሽ አናያቸውም።

«የወረስከው ነው፣ አንተ ምን ጥፋት አለብህ?» ያለኝ ጓደኛ አለ። ሙሽራው ራሱ ነው፤ በሠርጉ ማግስት እንዲህ ዓይነት ወሬ ስላመጣሁበት ይቅር ይበለኝ። ግን አልተዋጠልኝም። የወረስኩት ቤት ቢያፈስ ጣሪያውን የሚያስጠግነው አያቴ አይደለችም፣ እኔ ነኝ። ደግሞስ ሚኒባሱ ውስጥ ያ ሰውዬ ራሱን የነቀነቀው አያቴን ሰምቶ ነው?

አዲስ አበባ ስመለስ አያቴ ቤት ሄድኩ። ቡና አፈላችልኝ። ጀበናዋ የኔን ዕድሜ ሳታክል አትቀርም፣ ከሥሯ ጠቁራለች።

«እማዬ፣ ይቺን ጀበና ማን ሠራት?»

«ከገበያ ገዝቻት ነዋ።»

«ከማን?»

ስኒውን አቀበለችኝ። «እኔ ምን አውቄ ልጄ» አለች፤ ከዚያ ግን ጀበናዋን አንሥታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታያት ሁሉ፣ ዞር ዞር አድርጋ አየቻት።

የኔውን ጀበና ገል አልጣልኩትም። በፌስታል ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ወደ ጎንደር ስሄድ ለሴትዮዋ ልወስድላቸው ነው፤ ይፈጩታል። 50 ብሯንም እንዴት አድርጌ እንደምሰጣቸው እያሰብኩ ነው።