ሳቁ ካለፈ በኋላ ሕፃኑ የማን ነው?

ሰው በሚስቅበት ነገር ይታወቃል። ስለዚህ በአንድ የሲኒማ ጨዋታ ላይ የሚሰጠው ልዩ ልዩ አስተያየት የሥራ ፈቶች ክርክር ብቻ መስሎ ሊታየን አይገባም። በቦሌ መድኃኔዓለም ካቴድራል አቅራቢያ ኤድና ሞል የተባለው ሕንፃ ከነሲኒማ አዳራሹ ከተሠራ ወዲህ፥ የቅዳሴው ዜማና የውጭ አገር ፊልም ማስታወቂያ በአንድ ሰፈር ጎረቤት ሆነዋል። ወጣቶቻችን በሁለቱም ደጅ ገብተዋል። በአንዱ ደጅ ያዩትን በሌላው ደጅ በሰሙት ሚዛን እንዲመዝኑት መርዳት የእኛ ፈንታ ነው።

ለዛሬ የምንመረምረው «ኖክድ አፕ» የተባለውን የአሜሪካ የፍቅር ቀልድ ፊልም ነው። ጀድ አፓታው ደርሶ ያዘጋጀው ይህ ፊልም በ1999 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጨረሻ በአሜሪካ ለሕዝብ ታየ። በቴሌቪዥን ጣቢያ የምትሠራና ገና የሥራ ዕድገት ያገኘች አንዲት ወጣት፥ በአንድ የስካር ሌሊት፥ ሥራም ዓላማም ከሌለው ሰው ጋር ታድራለች፤ ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ ማርገዟን ታውቃለች። ልጁን ለመውለድ ትቆርጣለች። ሰውየውም ብዙ ካጠፋ በኋላ ሥራ ይዞ፥ ቤት ተከራይቶ፥ ስለ ወሊድ የተጻፉትን መጻሕፍት አንብቦ፥ በመጨረሻ አባት ለመሆን ይበቃል።

ተመልካቾች ግን በፍርዳቸው ተለያዩ። አንዳንዶቹ ጽንሱ ለመወለድ በመብቃቱ ፊልሙን አመሰገኑት። ሌሎቹ ነውረኛ ንግግሩንና የሐሺሹን ጢስ አይተው ተጸየፉት። ሌሎችም እንዲህ ያለች ሴት እንዲህ ያለውን ሰው አትመርጥምና ታሪኩ የወንዶች ሕልም ነው አሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው፥ ሴቲቱን ሆና የተጫወተችው ካትሪን ሃይግል ራሷ በ2000 ዓ.ም. ቫኒቲ ፌር ለተባለው መጽሔት በሰጠችው ቃል፥ ፊልሙ ሴቶችን ኮስታራና ጨቅጫቃ፥ ወንዶችን ግን ተወዳጅና ተጫዋች አድርጎ እንደሚያሳይ መናገሯ ነው።

እኛም ይህን ነቀፋ ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጠን እንመለከተዋለን። ሁለቱ አብረው በድለዋል፤ ሳቁ ግን ለእርሱ፥ ጭንቀቱ ለእርሷ ተከፍሏል። የእርሱ ልጅነት ሲራዘም ቀልድ ይሆናል፤ የእርሷ ወር ግን እየገፋ ነውና ለቀልድ ጊዜ የለውም። በፊልሙ ውስጥ ይህ አድልዎ በመልካም ፍጻሜ ተሸፍኗል፤ ሰውየው ተመልሷልና። ባይመለስስ ኖሮ ማን ይስቅ ነበር?

በሰፈራችን የምናየው ብዙ ጊዜ ያልተመለሰውን ነው። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምታገለግል ልጅ ያረገዘች እንደ ሆነ ከነልብሷ ከደጅ ትወጣለች። ያስረገዛት ወጣት ግን ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ነገሩን ለጨዋታ ያወራዋል። ሲጠየቅም «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብሎ ይመልሳል። ይህ ብሂል ለድሃ እናት መጽናኛ ነው እንጂ ለሸሸ አባት ማምለጫ አይደለም።

በዚህ ረገድ ሕጋችን ልማዳችንን ቀድሞታል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36፥ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ሕፃን በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአፋችን ግን «ዲቃላ» የሚለው ስም አልጠፋም፤ የሚለጠፈውም አንዳች ባልበደለው ላይ ነው። እንዲሁም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ እናት 120 ቀን፥ ለአባት 3 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። አባትነት ግን የሦስት ቀን ሥራ አለመሆኑን አዋጅ ሳይሆን ኅሊና ያስተምራል።

ምናልባት፥ «ለእንዲህ ያለችው ልጅ ብንራራ ኃጢአትን ማበረታታት አይሆንምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ኃጢአትን ኃጢአት ማለትና ኃጢአተኛን መጣል አንድ አይደሉም። በዝሙት የተያዘችውን ሴት ወደ ጌታችን ያመጡት ሰዎች ወንዱን አላመጡትም ነበር። ጌታችንም ከድንጋያቸው አዳናት፤ ዳግመኛ እንዳትበድልም አዘዛት። ምሕረቱ ትእዛዙን አላስቀረውም፤ ትእዛዙም ምሕረቱን አላጠፋውም። ውርደትን ፈርታ በስውር ሕይወቷን ለአደጋ የምትሰጠው ልጅ ግን የበደሏን ክፋት ብቻ ሳይሆን የእኛንም ጭካኔ ሸሽታ ነው።

እንግዲህ በዚህ ፊልም መሳቅ ነውር ነውን? ሞኙን ሰው ራሱን እንዲያይ የሚያደርግ ሳቅ መልካም ነው፤ ሞኝነቱን የሚያጣፍጥለት ሳቅ ግን ክፉ ነው። ጨዋታው በሁለት ሰዓት ያልቃል፤ ልጅ ማሳደግ ግን ሃያ ዓመት ይፈጃል። ከአዳራሹ የሚወጣ ወጣት፥ «እኔ ብሆን እመለስ ነበርን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ወላጆችም ልጃቸው እያለቀሰች በነገረቻቸው ቀን በሩን አይዝጉባት፤ የወንዱ ልጅ ወላጆችም ልጃቸውን ደብቀው አያሽሹት፤ ይልቁንም ይዘውት ይምጡ። ሕፃኑም በ40 ወይም በ80 ቀኑ ለጥምቀት ሲቀርብ፥ ክርስትና የሚያነሣው ሰው አይጣ። ስለ ፊልሙ የምንሰጠው ፍርድ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

አስተዋይ ልቡናን እግዚአብሔር ያድለን።