የኢያሪኮ ቅጥርና የእኛ ሚዛን

የጥንቱን ምድር የሚቈፍሩ ሊቃውንት የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ የሚደግፍ ነገር ሲያገኙ ደስ ብሎን እናወራዋለን። የማይስማማ ነገር ሲያገኙስ? ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ አንወደውም፤ ነገር ግን የእውነተኝነት ጥያቄ ነውና ልናልፈው አይገባንም።

ኢያሪኮን እንመልከት። ጥንታዊቱ ከተማ ዛሬ ቴል ኤስ-ሱልጣን የሚባል የአፈር ጉብታ ናት። እንዲህ ያለ ጉብታ የሰው እጅ ሥራ ነው፤ የጭቃ ጡብ ቤት ሲፈርስ ፍርስራሹን ደልድለው በላዩ ሌላ ይሠራሉ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ከተማ በከተማ ላይ ተደራርቦ ኮረብታ ይሆናል። እንግሊዛዊው ጆን ጋርስታንግ ከ1930 እስከ 1936 (ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) በዚያ ቈፍረው የወደቀ ድርብ ቅጥር አገኙ፤ በኢያሱ ዘመን የወደቀው ይህ ነው ብለውም አስታወቁ። ስንት ስብከት በዚያ ቅጥር ላይ እንደ ተሠራ እግዚአብሔር ያውቃል።

ከ1952 እስከ 1958 ደግሞ እንግሊዛዊቱ ሊቅ ካትሊን ኬንየን ቈፈሩ። አባታቸው ሰር ፍሬድሪክ ኬንየን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥንታውያን ጽሑፎች ሊቅ ነበሩ። ልጃቸው ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ አስቀድደው፣ የአፈሩን ንብብር እንደ መጽሐፍ ገጽ እየለዩ፣ በየንብብሩ የተገኘውን ገል እያስተያዩ መረመሩ። የጋርስታንግ ቅጥርም ከኢያሱ ዘመን አንድ ሺህ ዓመት ያህል የቀደመ ሆኖ ተገኘ። ከእርሱ በኋላ የተመሸገችው ከተማም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ ጠፍታ ነበር። ዝናብና ነፋስ የላይኛውን ንብብር ጠርገውት ይሆናል የሚሉ አሉ፤ የዘመኑን አቈጣጠር የተከራከሩም አሉ፤ አብዛኞቹ ሊቃውንት ግን በኬንየን ፍርድ ጸንተዋል።

እንግዲህ ጋርስታንግን ጠቅሶ ኬንየንን የሚዘልል ሰባኪ ምን አደረገ እንበል? ዋሸ ቢሉት ይከብደው ይሆናል፤ የተናገረው በሊቅ አፍ የተነገረ ነውና። ዳሩ ግን ለመግዣ አንድ፣ ለመሸጫ ሌላ የሚዛን ድንጋይ የያዘ ነጋዴም ድንጋዮቹን ራሱ አልፈጠራቸውም። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ለእግዚአብሔር ክብር ብለን በምንናገረው ላይ አይሠራም የሚል ቃል አላገኘንም።

አንዳንድ ወንድሞች የደካማውን እምነት ለመጠበቅ ዝም ማለት ይሻላል ይላሉ። አሳቡ ከፍቅር የመጣ ነውና አንንቀውም። ነገር ግን በዝምታችን የተጠበቀው ወጣት የኬንየንን ሥራ ባነበበ ቀን፣ ስለ ኢያሪኮ የነገርነውን ብቻ ሳይሆን ስለ ትንሣኤ የነገርነውንም ይጠራጠራል።

ደስ በሚያሰኘን ግኝትም ቢሆን ሚዛኑ ያው ነው። በሰሜን እስራኤል በቴል ዳን የአቭራሃም ቢራን ቡድን በ1993 በአራማይስጥ የተጻፈ የድል ሐውልት ስባሪ አገኘ፤ በላዩም «ቤተ ዳዊት» የሚል ይነበባል። ሐሤት አደረግን። በ1994 ሌሎች ስባሪዎች ተገኝተው ሲገጠሙ ግን ሐውልቱን ያቆመው የሶርያ ንጉሥ የእስራኤልንና የይሁዳን ነገሥታት እኔ ገደልሁ የሚል ሆነ፤ ብዙ ሊቃውንትም የጎደለውን ፊደል እያሟሉ ስሞቹን ኢዮራምና አካዝያስ ብለው ያነብባሉ። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 9 ግን የገደላቸው ኢዩ ነው። ንጉሡ ጉራ ነዝቶአል እንል ይሆናል፤ የነገሥታት ሐውልት ልማዱ ነውና። ይሁን እንጂ ይህንኑ ሰው በአንዱ መስመር የታመነ ምስክር፣ በሌላው ጉረኛ የምንል ከሆነ ምክንያታችንን ለጉባኤው መግለጥ አለብን። ምክንያቱም አለ፤ የጠላቱን ቤት በስሙ በመጥራት የሚያተርፈው የለም፤ ገደልሁ በማለት ግን ያተርፋል።