ከኮሌጆች ማንኛው ይበልጣል ስለ ማለት

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተሰማ ሰሞን በዲላ ከተማ የሰው ሁሉ ወሬ አንድ ይሆናል። በቡና መጋዘን ደጅም ሆነ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ፥ አባቶች የሚጠያየቁት ልጁ የትኛውን ዩኒቨርሲቲ አስቀድሞ እንደ ጻፈ ነው። አዲስ አበባን የጻፈ ይመሰገናል፤ ሐዋሳን የጻፈ ደኅና ተብሎ ይታለፋል፤ እዚያው ዲላን የጻፈ ግን ምን ጐድሎበት ይሆን ተብሎ ይታዘንለታል። እንዲህ የሚፈርዱትም ሰዎች ከሚያወዳድሯቸው ቤቶች አብዛኛውን በዓይናቸው አላዩም። ነገሩ የጨዋታ ያህል ቢመስልም በአንድ ወጣትና በመምህራኑ ላይ የሚሰጥ ፍርድ ነውና፥ ፍርዱ በምን ላይ እንደ ቆመ መመርመር ይገባል።

ይህን ልማድ እንደ ሥርዐት ያጸናው የአሜሪካ አገር ነው። በዚያ አገር ተማሪውን ለአንድ ሥራ ብቻ ከማዘጋጀት ይልቅ ቋንቋን፥ ታሪክን፥ ፍልስፍናን፥ የቍጥርንና የተፈጥሮን ትምህርት አስተባብረው አእምሮውን የሚያሰፉ አነስተኛ ኮሌጆች አሉ። ትምህርታቸውም የጥንት ሰዎች ለነጻ ሰው ይገባሉ ካሏቸው ከሰባቱ ጥበባት የወረደ ነው፤ እነርሱም ሰዋስው፥ የንግግር ጥበብ፥ ሎጂክ፥ ቍጥር፥ ጂኦሜትሪ፥ ዜማና የከዋክብት ትምህርት ናቸው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1983 ዩ ኤስ ኒውስ የተባለው መጽሔት እነዚህን ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎቹን በተራ ቈጥሮ አወጣ። የመጀመሪያው ዝርዝር የተሠራው የኮሌጆቹን ፕሬዚዳንቶች የትኛው ይበልጣል ብሎ በመጠየቅ ነበር። ኋላ ሌላ መለኪያ ቢጨመርበትም፥ የሹማምንቱ አስተያየት ከሚዛኑ ሳይወጣ ቈየ። ከእነዚያም ፕሬዚዳንቶች አንዱ እንኳ የሚመዝናቸውን ኮሌጆች ሁሉ ዞሮ ሊያይ አይችልም፤ ስማቸውን ሰምቷል እንጂ። ስሙንም የሰማው ባለፈው ዓመት በላይኛው ረድፍ ተጽፎ ስላየው ነው። እንዲህ ሆኖ ወሬ ወሬን ይወልዳል፤ በመጨረሻም በቍጥር ተጽፎ ሲወጣ የተቈጠረና የተለካ ነገር ይመስላል። ሪድ የተባለው ኮሌጅ በ1995 መረጃ አልሰጥም ብሎ ከዚህ ውድድር ወጣ። በ2022 ደግሞ ታላቁ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሰጠው ቍጥር ትክክል እንዳልነበረ ከራሱ መምህራን አንዱ ስለ ገለጠ፥ ከ2ኛ ወደ 18ኛ ወረደ። በዚያ ዓመት ግን ከመጻሕፍቱም ከመምህራኑም አንድ የጐደለ ነገር አልነበረም።

የኢትዮጵያ ሊቃውንትም የትምህርት ቤትን ክብር ከጥንት ያውቃሉ፤ አቈጣጠራቸው ግን ሌላ ነው። ድጓ የሚሻ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ፥ ቅዳሴ የሚሻ ወደ ሰለልኩላ ወይም ወደ ደብረ ዓባይ፥ አቋቋም የሚሻ ወደ ጐንደር በአታ። በቅኔም ዋሸራና ዋድላ ጎንጅም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መንገድ አላቸው፤ የአንዱ ቤት ተማሪ የሌላውን መንገድ ሲነቅፍ መኖሩም የታወቀ ነው። ነገር ግን ክርክሩ ስለ ቅኔው ነው፤ ተከራካሪዎቹ ቅኔያቸውን አቅርበው ይዳኛሉ። ቤተ ልሔም ከዋሸራ ትበልጣለች የሚል ሰው ቢነሣ ግን የቆሎ ተማሪው «በምን?» ብሎ ይስቅበታል። አንዱ ቤት ዜማ፥ ሌላው ቅኔ ያስተምራልና ተማሪው አኩፋዳውን አንግቦ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል እንጂ በአንድ ተራ አያሰልፋቸውም። ደግሞም የሚጠየቀው የት ተማርህ ተብሎ ብቻ አይደለም፤ ማን ዘንድ ተማርህ ይባላል። መምህሩ ከቦታው ቢነሣ ብዙ ጊዜ ተማሪውም ይከተለዋል፤ የቦታው ስም ብቻውን አያስቀረውም።

ይህን «በምን?» የሚለውን ጥያቄ የዲላ ነጋዴ ከማንም ይልቅ ማወቅ ይገባው ነበር፤ ኑሮው በደረጃ ነውና። ቡና ወደ ገበያ ሲወጣ ጥሬው ታይቶ ከመቶ 40፥ በስኒ ተቀምሶ ከመቶ 60 እየተሰጠው ደረጃው ይቈረጣል። የሚመዝነው ቀማሹ ራሱ ቀምሶ እንጂ ከሩቅ ሰምቶ አይደለም። የታጠበው ከታጠበው፥ ያልታጠበውም ካልታጠበው ጋር ይመዘናል፤ የይርጋ ጨፌ ቡና በይርጋ ጨፌ፥ የሐረሩም በሐረር ስም ለየብቻ ይቀመጣል። ነጋዴው ለአንድ ጆንያ ቡና ይህን ያህል ሲጠነቀቅ፥ ለልጁ ግን በሰማው ስም ብቻ ይፈርዳል። ቡናውስ ደረጃው ሲነገር አይሰማም፤ ልጁ ግን ይሰማል።

ከፍተኛ ትምህርት ወደ ዲላ የመጣው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1996 የመምህራንና የጤና ኮሌጅ በተከፈተ ጊዜ ነው፤ ኮሌጁም የደቡብ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ሆኖ ቈይቶ በ2006 ራሱን ችሎ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው ግን በ1950 ስለ ሆነ፥ በመካከላቸው የ46 ዓመት ልዩነት አለ። በ2013 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት የአገሩን ዩኒቨርሲቲዎች በሥራቸው ዐይነት ሲከፍል ስምንቱን የምርምር ዩኒቨርሲቲ አላቸው፤ ዲላ ከስምንቱ አልተቈጠረም። ክፍፍሉ የሥራ ነው ተብሎ ሲነገር፥ ሕዝቡ ወዲያው ማዕረግ አደረገው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሰው ዝርዝር ባየ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ማንበብ ይወዳል።

ዋናው ስሕተት ግን የሚገባውን ተማሪ ብርታት ለሚያስተምረው ቤት ምስጋና ማድረግ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰጠው አገር አቀፍ ፈተና 896 ሺህ ያህል ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 30 ሺህ ያህል፥ ማለት ከመቶ 3 ከጥቂት ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ ብልጫ ያለው አስቀድሞ ይመርጣልና ስም ያለው ቤት ቀድሞ የበራውን መብራት ይቀበላል። ሌሎቹ ቤቶች የሚቀበሉት ተማሪ መጻሕፍት ከሌለበት የገጠር ትምህርት ቤት የመጣውን ነው፤ ወይም በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሣው ጠብ ብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ ሲፈናቀል ከቤተሰቡ ጋር ተሰዶ ትምህርቱ የተቋረጠበትን ነው። በ80 ገብቶ በ85 የወጣ አንድ ተማሪ አለ እንበል፤ በ45 ገብቶ በ75 የወጣ ሌላም አለ። ዝርዝሩ የመጀመሪያውን ቤት ከላይ ያደርጋል። ከሁለቱ መምህራን ብዙ የደከመው ግን የትኛው እንደ ሆነ ለማንም አይሰወርም። ይህን የመሰለ መምህር በየዓመቱ ከታች ሲጻፍ እያየ እስከ መቼ ይተጋል? ደካማውን ተማሪ መቀበል ስሙን የሚጐዳው ከሆነስ፥ ደጁን ሊዘጋበት አይፈተንምን?

ከዚህ ተነሥቶ ቤቱ ሁሉ እኩል ነው ማለት ደግሞ ሌላ ሐሰት ነው፤ እንዲያውም የከፋው ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና ሲፈተኑ ያለፉት ከግማሽ ያነሱ ነበሩ። አንዳንዱ ቤት ከወላጅ ገንዘብ ተቀብሎ፥ ከወጣቱም አራት ዓመት ወስዶ፥ የሰጠው ወረቀት ብቻ እንደ ነበረ በዚያ ጊዜ ታየ። እንዲህ ያለውን ቤት ለይቶ መናገር ሐሜት አይባልም፤ ዝም ማለቱ ይልቅ በሚቀጥለው ገቢ ላይ ግፍ ነው። ነገር ግን የሚናገር ሰው ምን እንዳየ ይናገር።

ስለ ሰፊው ትምህርትም ነገሩ እንዲሁ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከመቶ 70 ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ወደ ምህንድስና፥ 30 ወደ ቀረው እንዲሄድ ስለ ተቈረጠ፥ ታሪክ ወይም ቋንቋ የወደደ ብዙ ወጣት ወደማይወደው ተመደበ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን በመጀመሪያው ዓመት ሎጂክ፥ የኢትዮጵያ ታሪክና ጂኦግራፊ፥ የሰው ልጅ ባሕል ጥናትም በየዩኒቨርሲቲው ለሁሉ እንዲሰጥ ተደረገ። ከሰባቱ ጥበባት ጥቂቱ በዚህ መንገድ ወደ ዲላም ደረሰ ማለት ነው። ሎጂኩን የሚያስተምረው ሰው ተማሪውን ያከራክረዋልን? ወይስ ከጽሑፍ እያነበበ ያስገለብጠዋል? ተማሪው የጻፈው ድርሰት ታርሞ ይመለሳልን? ቤተ መጻሕፍቱስ ማታ ክፍት ነውን? ይህን ለማወቅ አባትየው ወደ ሩቅ አገር መጻፍ አያስፈልገውም፤ በሰፈሩ ካሉት ተማሪዎች ሁለቱን ጠርቶ ቡና ማጠጣት ይበቃዋል።

ልጁ ታሪክን ወይም የሰውን ልጅ ባሕል የሚወድ ከሆነ ደግሞ አባትየው የሚጨምረው አንድ ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. መስከረም የጌዴኦ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል፤ ይኸውም እንሰትና ቡና በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው የሚበቅሉበት እርሻ፥ የጥንት ሰዎች ያቆሟቸው ትክል ድንጋዮችና ሽማግሎች ተቀምጠው የሚዳኙበት ሶንጎ ያለበት ነው። ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ ያሉትን ድንጋዮች ለማየት የአዲስ አበባው ተማሪ 360 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና የመኪና ዋጋ ያስፈልገዋል፤ የዲላው ተማሪ ግን ጧት ሄዶ አይቶ በዚያው ቀን ይመለሳል። መምህሩ ይዞት ይወጣ እንደ ሆነ ብቻ ይጠይቅ።