ሙት ተመልሶ ይወለዳልን?

አንባቢ ሆይ፥ ሰው ከሞተ በኋላ ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ የሊቃውንት ብቻ አይደለም። በወላይታ አገር በለቅሶ ቦታ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ጀምሮ ሕፃንዋን ቀብራ እስከ ተመለሰችው እናት ድረስ ሁሉ ይጠይቀዋል። ስለዚህ ነገሩን ከእኔ ጋር በትዕግሥት ተመልከተው።

ልጅ የሞተባት እናት ኋላ የወለደችውን ልጅ ምትኩ ወይም ካሳ ወይም ተካ ብላ ስትጠራው ሰምተሃል፤ ማስረሻ የምትልም አለች። የስሙን ምስጢር አስተውል። ምትክ ማለት በሞተው ፋንታ የተሰጠ ማለት ነው፤ ካሳም ማለት ስለ ጠፋው የተከፈለ ማለት ነው። እናቲቱ፥ የቀበርሁት ልጅ ተመለሰ አላለችም፤ በእርሱ ፋንታ ሌላ ተሰጠኝ አለች እንጂ። በናይጄሪያ አገር ያሉ የዮሩባ ሰዎች ግን አያት ከሞተ በኋላ የተወለደውን ወንድ ልጅ ባባቱንዴ ይሉታል፤ ይኸውም አባት ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ሴት ብትሆን የቱንዴ፥ እናት ተመልሳ መጣች ትባላለች። በዚህም በዚያም ያሉት አልቅሰዋል፤ ሁሉም በሕፃኑ ተጽናንተዋል፤ ነገር ግን በስሙ ውስጥ ያለው እምነት የተለያየ ነው።

ሙት ተመልሶ ይወለዳል የሚለው ትምህርት የጥቂቶች አይደለም። የሕንድ አገር ሂንዱዎች ከጥንት ጀምሮ ያምኑታል፤ የቡድሃ ተከታዮችም በራሳቸው መንገድ ይናገሩታል፤ በግሪክ አገር ፒታጎራስ አስተምሮታል፥ ፕላቶንም ጽፎታል፤ በሊባኖስና በሶርያ ተራሮች የሚኖሩት ድሩዞችም እስከ ዛሬ ይዘውታል። እነዚህን ሰዎች ሞኞች ናቸው ብለህ አትሳቅባቸው። የጠየቁት ጥያቄ ከባድ ነው። አንዱ ዕውር ሆኖ አንዱ ዓይናማ ሆኖ፥ አንዱ ከባለጠጋ ቤት አንዱ ከድኃ ቤት ለምን ይወለዳል? ያለ በደል የሚቀጣ ሰው እንዳይኖር ብለው፥ ሰው በፊተኛው ሕይወቱ የሠራውን በኋለኛው ይቀበላል ሲሉ መለሱ። ፍርድን ስለ ወደዱ እንዲህ አሰቡ።

ዳሩ ግን ፍሬውን ተመልከት። በሕንድ አገር ከተናቀ ወገን የተወለደ ሰው የፊተኛ ሕይወቱን ዕዳ ይከፍላል ስለ ተባለ፥ ጎረቤቱ ቢጸየፈው እንደ በደል ሳይቈጠር ብዙ ዘመን ኖረ። ዶክተር አምቤድካር የማይነኩ ከተባሉት ከእነዚያ ሰዎች ተወልዶ የአገሩን ሕገ መንግሥት ካረቀቁት ዋነኛው ሆነ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1950 የጸናው ይህ ሕግ ሰውን የማይነካ ማድረግን ከለከለ። እርሱ ራሱ በ1956 ከብዙ መቶ ሺህ ተከታዮቹ ጋር ወደ ቡድሃ ሃይማኖት ገባ። ያም ሃይማኖት ዳግም መወለድን እንደሚያምን ልብ በል፤ እንግዲያስ ንቀት ከዚያ ትምህርት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ያለ እርሱም ይበቅላል፤ በእኛም አገር በቅሎአል።

አባቶቻችን በወላይታ ከላይ ያለውን ጦሳን ያውቁ ነበር፤ የሞቱትን አባቶች መንፈስ ግን ይፈሩ ነበር። ዛሬ በሶዶና በዙሪያው ከምንኖረው አንዱ ኦርቶዶክሳዊ ነው፤ ለሞተበት ዘመዱ ፍትሐት ያስፈታል፥ በአርባው ቀን ተዝካር ያወጣል። አንዱ እስላም ነው፤ ሙት በመቃብር ሆኖ የትንሣኤን ቀን ይጠብቃል ይላል። አንዱም በ1920 ዓ.ም. ሚስዮናውያን ሶዶ ከደረሱ ወዲህ ወንጌልን ከተቀበሉት ወገን ነው፤ ሰው ከሞተ በኋላ ሕያዋን ሊያደርጉለት የሚችሉት ነገር የለም ይላል። በዚህ ነገር ብዙ እንከራከራለን፥ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሦስቱም፥ ሰው በዚህ ዓለም የሚኖረው አንድ ጊዜ ነው፥ ከዚያም ፍርድ አለ በማለት ይስማማሉ።

እንግዲህ ልጠይቅህ። ሰው የሚኖረው አንድ ጊዜ ከሆነ፥ ሸክላ ሠሪዋ ጭናሻ ስለ የትኛው ኃጢአት ተናቀች? እርስዋ በሠራችው ድስት ወጥህ ይበስላል፤ በእርስዋ ጀበና ቡናህ ይፈላል። እርስዋ ስትመጣ ግን በደጅ ትቆማለች፤ ልጅዋንም ለልጅህ አታጭለትም። ቆዳ ፋቂውን ደጋላንም እንዲሁ ታደርገዋለህ። ከባሪያ ዘር ነው የሚባለውንም እንዲሁ። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተከልክሎአል፤ የሸጡትም የተሸጡትም ወደ መቃብር ወርደዋል፤ ስሙ ግን በልጅ ልጆቻቸው ላይ ቀርቶአል። ያ የሕንድ ሰው ቢያንስ ምክንያት ነበረው፤ በፊተኛ ሕይወቷ በድላለች ይል ነበር። አንተ ፊተኛ ሕይወት የለም ትላለህ፤ ቅጣቱን ግን ታስከፍላታለህ።

ይህ ጥያቄ በጌታችን ፊትም ቀርቦ ነበር። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፥ የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ጠየቁት። ጌታም ሁለቱንም አልተቀበለም። ከዚያም ጐንበስ ብሎ በእጁ ጭቃ አደረገ። በእኛ አገር ጭቃ መለወስ የማን ሥራ እንደ ሆነ አንባቢው ያውቃል።

ሕይወት አንድ ብቻ ናት የሚለው እምነታችን የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ዳግም መወለድ ቢኖር፥ ዛሬ የተናቀችው ሴት በሚመጣው ሕይወት እመቤት ሆና ትወለዳለች፥ ዕዳውም ያን ጊዜ ይካካሳል ባልን ነበር። ለእርስዋ ግን በምድር ያላት ይህ ዘመን ነው። ከሠርግ ቤት የተመለሰችበት ቀን፥ በለቅሶ ለብቻዋ የተቀመጠችበት ቀን ምትክ የለውም።

ወንጌልን ይዤ በየመንደሩ ስዞር ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ፥ እኔስ አልንቃትም፥ ነገር ግን ልጄን ከእነርሱ ባጋባ የአባቴ አጥንት ይወቅሰኛል የሚል ነው። ይህን የሚሉ አማኞች ጭምር ናቸው! በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያለውን ባለጠጋ አስበው። ድኃውን በደጁ ትቶ ኖረ። ከሞተ በኋላ ስለ ዐምስቱ ወንድሞቹ የለመነው የእርሱን ልማድ እንዲጠብቁለት አልነበረም፤ እርሱን እንዳይመስሉ ነበር። አባትህም ከመቃብር ሊናገር ቢፈቀድለት የሚልህ ይህን እንጂ ሌላ አይመስለኝም። እንግዲህ ልጅህ የጭናሻን ልጅ ወድዶ እንደ ሆነ፥ ሽማግሌ የምትልክበትን ቀን ቍረጥ።