«ጣልኩት» ስንል የት ጣልነው?

«ጣልኩት» የሚለው ቃላችን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ማን እንደ ጣለ ይናገራል፤ ምን እንደ ተጣለም ይናገራል፤ የት እንደ ወደቀ ግን ዝም ይላል። ተናጋሪውንም የሚጠይቀው የለም። የሰሃኑን ትራፊ፣ የቡናውን አተላ፣ የሽንኩርቱን ልጣጭ ከፊቱ ካራቀ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ለመሆኑ ያልቃልን? ከዓይኔ የራቀ ሁሉ ከኃላፊነቴም ርቋልን? ጥያቄው ትልቅ ቢመስልም መልሱን የምፈልገው ከማድቤት ነው።

በብዙ የአሜሪካ ማድቤቶች ከዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ሥር የምትገጠም አንዲት የኤሌክትሪክ ወፍጮ አለች። በዊስኮንሲን የሬሲን ከተማ ይኖር የነበረው አርክቴክት ጆን ሃምስ እ.ኤ.አ. በ1927 የፈለሰፋት ናት። የምግብ ትራፊ ከውሃ ጋር ይለቀቅባታል፤ እሷም አድቅቃ ወደ ፍሳሽ ቧንቧ ትሰደዋለች። ብዙ ሰው በውስጧ ምላጭ ያለ ይመስለዋል፤ የለም። የሚሽከረከር ሰሃን መሰል ብረት ትራፊውን ከዳር ካለው ሻካራ ቀለበት ጋር እያጋጨ ይፈጨዋል። አጥንት ወይም ማንኪያ ሲሰነቀርባት ትታነቅና ትቆማለች። መላው ቀላል ነው፦ ኤሌክትሪኩን ማቋረጥ፣ ከሥሯ ባለችው ቀዳዳ ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ አስገብቶ ወዲያና ወዲህ ማዞር፣ የተሰነቀረውን በእጅ ሳይሆን በጉጠት ማውጣት፣ በመጨረሻም ከሥሯ ያለችውን ቀይ ቁልፍ መጫን። ወፍጮዋ ትነሣለች፤ ባለቤቷም ይረሳታል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ወፍጮዋ ደህና እስከሠራች ድረስ ባለቤቷ ስለ ትራፊው አያስብም፤ የሚያስበው ስትታነቅ ብቻ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ ግን ያረጁት የፍሳሽ መስመሮቼ አይችሏትም በማለት ይህችን ወፍጮ በብዙ ክፍሎቿ ለረጅም ዓመታት ከልክላ ኖራ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከተማዪቱ የጠየቀችው ባለቤቱ ያልጠየቀውን ነበር፦ «ከዚያስ ወዴት ይሄዳል?»

እኛ ጉለሌዎች ከዚህች ወፍጮ ጋር እምብዛም አንተዋወቅም። የሚደፈንብን ተራው ቧንቧ ነው። እኔ በተከራየሁበት ግቢ ባለፈው ክረምት የጋራው ማጠቢያ ተደፍኖ ውሃው ሁለት ቀን ሙሉ ተኛበት። የመጡት የቧንቧ ሠራተኛ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ከሥሩ ባልዲ አስቀምጠው ሲፎኑን ፈቱት። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» እንዲሉ፣ ግቢው የደበቀው ሁሉ ተራ በተራ ወጣ፤ የረጋ ዘይት፣ ሩዝ፣ የቡና አተላ፣ የፌስታል ቁራጭ፣ አንዲት የቤት ሠራተኛ የተጠረጠረችባት የሻይ ማንኪያም ጭምር። ሽቦ ሰድደው መስመሩን ከጠረጉ በኋላ ባልዲውን ይዘው ወጡና ከአጥሩ ውጭ ካለው ቦይ ደፉት።

«ጋሼ፣ ይኼ ወዴት ይሄዳል?» አልኳቸው።

«ወደ ታች ነዋ ልጄ!» አሉኝ።

የግቢው ባለቤት እትዬም ሒሳቡን ከፍለው «እሰይ፣ ተስተካከለ!» አሉ። ተስተካከለ ወይስ ተዛወረ?

ጉለሌ ከእንጦጦ ሥር ያለች፣ ለአዲስ አበባ የላይኛዋ አገር ናት። በቦያችንና በወንዞቻችን የለቀቅነው ከተማዪቱን አቋርጦ በአቃቂ ወንዞች በኩል አባ ሳሙኤል ይገባል፤ ከዚያም ከአዋሽ ይቀላቀላል። በመንገዱ ላይ በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ሰዎች አሉ። ጎመኑ ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይወጣል። «ወደ ታች» የተባለው ነገር ዞሮ ከሰሃናችን ላይ ይቀመጣል ማለት ነው።

በልጅነታችን የሰማነው ተረት አለ። አያ ጅቦ ከወንዙ በላይ፣ አህያ ከበታች ሆነው ውሃ ሲጠጡ ጅቡ «ውሃውን አታደፍርሺብኝ!» አላት፤ እሷም «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው። ይህን ተረት ስናነሣ ሁልጊዜ ራሳችንን የምናስቀምጠው በአህያዋ ቦታ ነው። ከላይ የቆምንበት ጊዜ መኖሩን ግን ማን ያስታውሳል?

በቦይ የማይሄደውን መኪና ይወስደዋል። ረጲ የሚገኘው «ቆሼ» ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ሲቀበል ኖሯል። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ተከፍቶ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች አንቀበልም አሉና ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተናደ። ከሥሩ ይኖሩ ከነበሩት ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። የመናዱ ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ ክምሩ ከየማድቤታችን የተዋጣ ነበር። «ጣልኩት» ያልነው የወደቀው እዚያ ነው።

«ታዲያ ድሃ ምን ያድርግ?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል፤ እውነት አለው። የፍሳሽ መስመር ያልደረሰው ግቢ በቦይ ቢጠቀም ፍርዱ በእሱ ላይ ብቻ ሊሆን አይገባም። ሠራተኛው የተቀጠሩት ለሲፎኑ ነው፤ እትዬም የከፈሉት ለግቢያቸው ነው። ሁሉም ድርሻውን ተወጥቷል። ከአጥሩ ማዶ ያለው ድርሻ ግን ባለቤት አጣ። ችግሩን የሚወልደው ኃላፊነትን በአጥር መለካታችን እንጂ ክፋት አይመስለኝም።

እናቶቻችን የጠላውን አተላ ለከብት፣ ልጣጩን ለበግ ሲያቀርቡ ተቀባዩን ያውቁት ነበር። በጉ የማይበላውን አይሰጡትም። እኔ እንደሚመስለኝ ሁሉም መጣል በመሠረቱ መስጠት ነው፤ ልዩነቱ የተቀባዩን ፊት ማየትና አለማየታችን ላይ ነው። የተጠበሰበትን ዘይት በቆርቆሮ አጠራቅሞ ከማጠቢያው ማራቅ የማንንም ኪስ አይጎዳም። መስመር መዘርጋትና ቦታ ማዘጋጀት ግን የአንድ ቤት አቅም አይደለም፤ አቅሙ ያለው አካል ሊጠየቅበት ይገባል። ለመጠየቅ ደግሞ ቆሻሻው አጥሩን ካለፈም በኋላ የእኛ መሆኑን ማመን ይቀድማል።

አዋሽ ከብዙዎቹ ታላላቅ ወንዞቻችን ይለያል፤ ባሕር አይገባም። የአፋርን በረሃ አቋርጦ በጂቡቲ ድንበር ላይ ካለው አቤ ሐይቅ ደርሶ ያበቃል። ከእንጦጦ ሥር ለምንለቀው ነገር የሚውጠው ባሕር የለም ማለት ነው። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሰው «ጣልኩት» ባለ ቁጥር «ለማን?» ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይመልስ ይሆን?