የልደት ሌሊት የት ነን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ቤተሰቦች! ኅዳር 15 የጀመርነው ጾመ ነቢያት እየተፈጸመ ነው። ሰሞኑን የምንጠያየቀው ግን ስለ ዶሮ ዋጋ፣ ስለ ጠላው መድረስ ነው። ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ የልደት ሌሊት የት ነን?

ዓለም ከተማ የበዓል ዋዜማ ያሳለፈ ሰው ይህ ጥያቄ ይገባዋል። መርሐ ቤቴ በጀማና በወንጪት ወንዞች መካከል ያለ አገር ነው። ደጋው ሌሊት ይበርዳል፤ ከቆላው የሚመጣም አቀበት ይጠብቀዋል። ደወሉ ሲሰማ ግን ጋቢያቸውን ደርበው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በትር ይዘው በጨለማ የሚወጡ አባቶችና እናቶች አሉ። ከእነዚያ እናቶች አንዷን፣ «እማማ፣ ዜማው ይገባዎታል?» ብትሏቸው፣ «እሱን መሪጌታው ያውቀዋል ልጄ፤ እኔ የምጠብቀውን አውቃለሁ» ይሏችኋል።

ማኅሌት እኮ ይኸው ነው፤ ጌታን ነቅቶ መጠበቅ! በዋዜማው ቀን ካህናቱ ዋዜማውን ይቆማሉ። ሌሊት ደግሞ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ ባቆየልን ዜማ፣ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ ያመሰግናሉ። በልደት ቅዳሴውም በሌሊት ነው። በላሊበላ ሌሊቱን ሲያመሰግኑ ያደሩት ካህናት ሲነጋ በቤተ ማርያም ዘንድ ከላይና ከታች ሆነው «ቤዛ ኵሉ»ን ይዘምራሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው።

ስለ እረኞቹ እናስብ። ብዙው ሰው ተኝቶ ሳለ እነርሱ መንጋቸውን ሲጠብቁ ነበር (ሉቃ. 2፥8)። የምሥራቹ የደረሰው ለእነርሱ ነው። የተማሩ ስለሆኑ ነው? አይደለም። ባለጸጎች ስለሆኑ ነው? አይደለም። ነቅተው ስለተገኙ ነው።

እኛስ? መንቃት አቅቶን አይደለም። ለኳስ እናመሻለን፤ ስልክ ይዘን እኩለ ሌሊት ይሞላል፤ ሰርግ ቤት ሲጨፈር ይነጋል። ማኅሌት ሲባል ግን «እሱ የካህናት ነው» እንላለን። አባቶች በሌሊት ይቆማሉ፤ እኛ ለድግሱ እንነሣለን። ልጆቻችን በዓልን በሥጋ ሽታ ብቻ ካወቁት ነገ ያንን ደወል ማን ሰምቶ ይነሣል? ጥፋቱስ የማን ነው?

ስለዚህ ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ዘንድሮ እንዲህ እናድርግ። የተጣላነው ሰው ካለ ከዋዜማው በፊት እንታረቅ፤ ቂም ይዞ ሌሊቱን መቆም እግርን ማድከም ነውና። የበዓሉን ሥራ ቀደም ብለን እንጨርስና ጥቂት እንረፍ። ልጆቻችንን ቀስቅሰን፣ ጧፍ ይዘን እንሂድ። ግእዙ ባይገባን «አቤቱ ማረኝ» ማለት አያቅተንም። ሌሊቱን ሙሉ መቆም ያልቻለ አንድ ሰዓት ይቁም፤ ጌታም በጌቴሴማኒ የተኙትን ደቀ መዛሙርት የጠየቃቸው ስለ አንዲት ሰዓት ነበር (ማቴ. 26፥40)።

የታመማችሁ፣ አራስ የሆናችሁ፣ ጥበቃ ወይም ሆስፒታል ተረኛ የሆናችሁ አትዘኑ። እረኞቹም ሥራ ላይ ነበሩ እንጂ ቤተ መቅደስ አልነበሩም። ባላችሁበት ሆናችሁ በልባችሁ ጸልዩ፤ የመላእክቱ ምስጋና ሜዳ ላይም ተሰምቷል።

ያን ሌሊት ቆሞ፣ አስቀድሶ ጾሙን የሚፈታ ሰው ማዕዱ ሽሮ ብቻ ቢሆን እንኳ በዓል አክብሯል። ሲጠብቀው ያደረውን አግኝቷልና።

የአባቶቻችንን ትጋት በእኛ ያሳድርብን፤ ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርሰን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።